እርከኑ ተቆጠረ፣ ችግኙ ተቆጠረ፤ ውሃው መግባቱን ማን ለካ?

በዚህ ሳምንት ቪዲዮ ላይ የጀመርኩት ጉዳይ ሂሳብ ስላለበት በወሬ ብቻ አላለቀም። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ እንድታነቡት በጽሑፍ አስቀምጬዋለሁ።

ነገሩ የተነሳው ከአንድ የውሃ ቢል ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ቤት ያለው ጓደኛዬ ወረቀቱን አውጥቶ "እስቲ ይሄን እይልኝ፤ ያልጠጣሁትን ውሃ ያስከፍሉኛል እኮ!" አለኝ። አየሁት። እውነቱን ነው፣ ከሚጠጣውና ከሚታጠብበት ውሃ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ክፍያ አለበት። ክፍያው የሚሰላው ግቢው ውስጥ በጣሪያ፣ በሲሚንቶና በአስፋልት በተሸፈነው መሬት ስፋት ነው። መለኪያው 1,000 ስኩዌር ፊት ነው፤ በእኛ 93 ካሬ ሜትር ገደማ። ብዙ መሬት የሸፈነ ብዙ ይከፍላል።

ለምን ቢባል፣ የተሸፈነ መሬት ዝናብ አይጠጣም። ያ ዝናብ ወደ ቱቦ ይሄዳል። ከዲሲ ሲሶ በሚሆነው ክፍል ደግሞ የዝናቡም የመጸዳጃውም ውሃ የሚሄደው በአንድ አሮጌ ቱቦ ነው። ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ይሞላና ቆሻሻው ወደ አናኮስቲያና ወደ ፖቶማክ ወንዝ ይፈስሳል። ይህንን ለማስቆም ከተማው ከመሬት በታች ትልልቅ ዋሻዎች እየቆፈረ ነው፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ 3 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። የጓደኛዬ ቢል የዚያ ድርሻ ነው። ባጭሩ፣ ውሃ ወደ አፈር እንዳይገባ ከከለከልክ ትከፍላለህ ነው የሚሉት።

በዚያው ሳምንት በሀገራችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ሌላ መልእክት መጣ። "የሰፈራችን ምንጭ ደርቋል፣ ጥልቅ ጉድጓድ እናስቆፍር፣ እያንዳንዳችን እንዋጣ" የሚል። እኔ ያደግኩት ሰሜን ሸዋ ነው። ያንን ምንጭ አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ እንስራ ተሸክመው የሚወርዱትን እህቶቻችንን ተከትዬ ብዙ ጊዜ ሄጃለሁ። ደነገጥኩ። ስልክ አነሳሁና እዚያው ያሉትን አጎቴን "ጋሼ፣ ምንጩ መቼ ነው የደረቀው?" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ምንጭ በአንድ ቀን አይደርቅም" አሉኝ። "እናንተ ሕፃን ሳላችሁ እስከ ሚያዝያ ድረስ ይወርድ ነበር። ከዚያ መጋቢት ሆነ፣ ከዚያ የካቲት ሆነ። አሁን ጥር ሳያልቅ ያቆማል። ክረምቱ ግን ያው ነው፤ እንዲያውም ጎርፉ ብሶበታል።"

ይህን ልብ በሉልኝ። ዝናቡ አልቀረም፤ ጎርፉ ብሶበታል፤ ምንጩ ግን አጠረ። ታዲያ ውሃው የት ሄደ?

አፈር ውሃ የሚጠጣው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ዝናብ በሚሊ ሜትር ሲለካ ምን ማለት እንደሆነ እንያዝ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ነው። በ1 ሄክታር ላይ ደግሞ 10,000 ሊትር ይሆናል።

አፈር በውስጡ ቀዳዳ የሞላው ነገር ነው። ሥር የሄደበት፣ ትል የቆፈረው፣ በፍግና በብስባሽ የተያያዘው አፈር ትልልቅ ቀዳዳ አለው። ዝናብ ሲጀምር ደረቁ አፈር ውሃውን ቶሎ ቶሎ ይስባል። ከዚያ እየጠገበ ሲሄድ ይዘገያል፤ በመጨረሻም አንድ ልክ ላይ ይረጋል። አሜሪካዊው ሮበርት ሆርተን እ.ኤ.አ. በ1933 የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ዝናቡ አፈሩ ከሚጠጣው ፍጥነት ከበለጠ ትርፉ ጎርፍ ይሆናል።

ያ የሚረጋበት ልክ እንደ አፈሩ ይለያያል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ለመስኖ ባለሙያዎች ባዘጋጀው ሠንጠረዥ፣ አሸዋማ አፈር በሰዓት ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ ይጠጣል። መካከለኛው አፈር ከ10 እስከ 20 ይጠጣል። ሸክላማው ደግሞ ከ1 እስከ 5 ብቻ።

አሁን ሂሳብ እንሥራ። በአንድ ሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወረደ እንበል። አፈሩ የሚጠጣው 5 ብቻ ከሆነ 35ቱ ይሄዳል። በአንድ ሄክታር 350,000 ሊትር ማለት ነው። በ20 ሊትር ጄሪካን 17,500 ጄሪካን! በአንድ ሰዓት፣ ከአንድ ሄክታር። ባዶውን አይሄድም፤ አፈሩንም ይዞ ነው የሚሄደው።

ታዲያ ያው አፈር ድሮ ይጠጣ የነበረውን አሁን ለምን አይጠጣም? ምክንያቱ ብዙ ነው። የተራቆተ መሬት ላይ የዝናብ ጠብታ ጓሉን እየመታ ያደቅቀዋል፤ ደቃቁ ደግሞ ቀዳዳውን ይደፍናል። ሲደርቅ ላዩ እንደ ምጣድ ይሆናል። ከብት በልቅ ሲሰማራበት በኮቴው ይደቀድቀዋል። ማረሻ ደግሞ ዓመት ዓመት ያንኑ ጥልቀት እየነካ ሲመላለስ፣ ከማረሻው ጫፍ በታች ያለው አፈር እየጠነከረ ንጣፍ ይሠራል። ላዩ ለስልሶ የታረሰ ይመስላል፤ ታቹ ግን ዝግ ነው። ሥርም ውሃም እዚያ ላይ ይቆማል።

የዋልካው ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። ጥቁሩ አፈር ሀገራችን ውስጥ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋል። ከዚያ ያብጥና ይዘጋል፤ ውሃ ማሳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው የእነዋሪ ገበሬዎች ሰፋፊ መደብ በእጃቸው እየሠሩ በመሃሉ ቦይ አውጥተው ውሃውን የሚያስወጡት። እነሱ ችግራቸው ውሃ ማስገባት ሳይሆን ማስወጣት ነው። ስለዚህ ለሁሉም መሬት አንድ መመሪያ አይሠራም።

ለመለካት ቆርቆሮና ሰዓት ይበቃል

"ይሄ የሳይንቲስት ሥራ ነው" እንዳትሉ። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ዋናው መሣሪያ ሁለት የብረት ቀለበት ነው፤ አንዱ 30፣ ሌላው 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው። ትንሹን በትልቁ መሃል አድርገው መሬት ውስጥ በመጠኑ ይቀብሩታል። ሁለቱንም ውሃ ይሞሉና የመሃለኛው በየደቂቃው ምን ያህል እንደወረደ በማስመሪያ ያነብባሉ። የውጪው ለምንድነው? የመሃለኛው ውሃ ወደ ጎን እንዳያመልጥና ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ንባቡ ከረጋ በኋላ ያለው ቁጥር የዚያ መሬት ልክ ነው።

ከዚያ የቀለለም አለ። አሜሪካ ውስጥ የግብርና ባለሙያዎች ለገበሬ የሚያሳዩት በአንድ ቀለበት ነው። እኔም ሞከርኩት። ሁለት ወገኑ የተከፈተ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቆርቆሮ ያዝኩ። እንጨት ደርቤ በመዶሻ ግማሹን ቀበርኩት። አፈሩ እንዳይፈነቀል ላስቲክ አነጠፍኩና ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚያንስ፣ 442 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨመርኩ። በዚያ ስፋት ልክ 25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ላስቲኩን ቀስ ብዬ ሳብኩት። የመጀመሪያውን አልቆጠርኩም፤ እሱ ደረቁን አፈር ማርጠቢያ ነው። ሁለተኛውን ስጨምር ሰዓት ያዝኩ።

የተከራየሁበት ግቢ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ሥር፣ ቅጠል በወደቀበት ቦታ፣ ውሃው በ6 ደቂቃ ተጠጣ። በሰዓት ሲሰላ 250 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ ታክሲዬን ዘወትር የማቆምበት ሣር የሌለው መሬት ላይ ሄድኩ። አንድ ሙሉ ሰዓት ጠበቅኩ፤ የወረደው 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ግቢው አንድ፣ አፈሩ አንድ፣ በመሃላቸው ያለው 15 እርምጃ ነው። ልዩነቱ ከ60 እጥፍ በላይ ሆነ። መኪናዬ ነች መሬቱን የዘጋችው።

አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መፍረድ ግን ስህተት ነው። ትል የቆፈረው ቀዳዳ ላይ ከተተከለ ቁጥሩ ይዋሻል። ስለዚህ በየዓይነቱ ቦታ ደጋግሞ መለካትና መካከለኛውን መያዝ ነው።

አንዲት ጥድ ያስተማረችን

ይህ ልኬት እኛ ሀገር ተሞክሮ የማያውቅ እንዳይመስላችሁ። ከአዲስ አበባ በደሴ መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነች አንዲት ጥድ የምትባል ቦታ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ከግብርና ሚኒስቴር ጋር ሆኖ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር የሚለካበት ጣቢያ ነበረው። ደቡብ ወሎ ማይባር፣ ጎጃም አንጀኒም እንዲሁ። በኋላ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የአሜሪካው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንዲት ጥድና በማይባር ተዳፋቱ ላይ እየዞሩ የውሃውን ስርገት ለኩ።

ያገኙት ነገር ብዙ ሰው የሚያስበውን የሚገለብጥ ነው። አብዛኛው የተዳፋቱ አፈር የሚጠጣበት ፍጥነት ከአብዛኛው ዝናብ ይበልጣል። ጎርፉ በብዛት የሚነሳው ከሁለት ዓይነት ቦታ ነው። አንዱ አፈሩ ታጥቦ ስስ የሆነበትና የተራቆተው መሬት ነው። ሌላው ታች ያለው ረግረጉ ነው፤ ከላይ የገባው ውሃ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ የሞላው፣ ከዚያ በላይ ጠብታ የማይቀበል።

ይህ ለምን ይጠቅመናል? ሁለት ዓይነት ጎርፍ አለ ማለት ነው። አንዱ አፈሩ ስለተዘጋ የሚመጣ፣ ሌላው ስለሞላ የሚመጣ። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። የተዘጋውን ትከፍታለህ፤ ከብት ትከለክላለህ፣ ሣር ትመልሳለህ፣ እርከን ትሠራለህ። የሞላው ላይ ግን ውሃ ማቆሪያ ቦይ ብትቆፍር የሞላ ብርጭቆ ላይ እንደ መጨመር ነው። እንዲያውም መሬቱ ይላላና ቦረቦር ይጀምራል። የትኛው የት እንዳለ የምታውቀው ደግሞ ስትለካ ብቻ ነው።

የምንቆጥረውና የማንቆጥረው

አሁን ወደ ሰሞኑ ጉዳይ ልምጣ። በየዓመቱ ጥር ሲገባ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ይጀመራል። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በስፋት የተያዘ ነው። ከዚያም በፊት፣ ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ በኋላ፣ በምግብ ለሥራ ብዙ እርከን ተሠርቷል። ገበሬው አካፋና ዶማውን ይዞ ለሳምንታት ያለ ክፍያ ይወጣል። ይህንን ድካም የሚያጣጥል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። እናቶቻችን ሕፃን አዝለው ድንጋይ የተሸከሙበት ሥራ ነው።

የእኔ ጥያቄ ሪፖርቱ ላይ ነው። በዜና የምንሰማው ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን፣ ይህን ያህል ሕዝብ ወጣ፣ ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሁሉ ዘግቦታል። ደጋፊው አጨበጨበ፣ ተቃዋሚው "ውሸት ነው" አለ፤ እኛም ውጭ ያለነው በቁጥሩ ስንጨቃጨቅ ከረምን። ሁለቱም ወገን የሚከራከረው በተተከለው ብዛት ነበር። "ከተተከለበት ተራራ ሥር ያለው ምንጭ ስንት ወር ጨመረ?" ብሎ የጠየቀ ሰው አላየሁም።

እርከን መንገድ እንጂ መድረሻ አይደለም። መድረሻው ውሃው መግባቱ ነው። ባሕር ዳር አጠገብ ደብረ መዊ በተባለች ተፋሰስ ተመራማሪዎች በዘመቻ የተቆፈሩ ቦዮችን ተከታትለዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎርፉና ደለሉ ቀነሰ። ቦዮቹ በደለል ሲሞሉ ግን ጥቅማቸው አብሮ ቀነሰ። በሪፖርት ላይ እኮ ያ ቦይ ዛሬም "የተሠራ" ነው። ኪሎ ሜትሩ አይቀነስም። የቀረው ስርገቱ ነው፤ እሱ ደግሞ በሪፖርቱ ውስጥ ቦታ የለውም።

የተሳካለትም አለ። ትግራይ ውስጥ ውቅሮ አካባቢ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ ተራራዋን ከልቅ ግጦሽ ከልላ፣ እርከንና ውሃ ማቆሪያ ሠርታ፣ የከርሰ ምድር ውሃዋ ከፍ ብሎ ገበሬው በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ መስኖ እስከ ማልማት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2012 በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝታለች። እዚያ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በጉድጓዱ ውስጥ ነው የታየው።

ወደ እኛ ገንዘብ እንምጣ

ከዓመታት በፊት እኔም ያዋጣሁበት አንድ ጉድጓድ ነበር። የምረቃው ፎቶ ዛሬም ስልኬ ላይ አለ። ሪባን ተቆረጠ፣ ሕፃናት አጨበጨቡ፣ እኛም እዚህ ምሳ በላንበት። በሁለተኛው በጋ ውሃው ራቀ፤ ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ። የተላከልንን ሰነድ እንደገና አነበብኩት። ጥልቀቱ አለ፣ የፓምፑ ዋጋ አለ፣ የቆፋሪው ደረሰኝ አለ። ከጉድጓዱ በላይ ስላለው ተራራ አንድ መስመር የለም። እኛም አልጠየቅንም።

ወገኖቼ፣ እቁብ ሳይጥል ዕጣ የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጉድጓድ ማለት ዕጣው ነው። ስርገት ማለት በየክረምቱ የሚጣለው ነው። ጣዩ ካቆመ ዕጣው ከየት ይመጣል? ጥልቅ ጉድጓድ አንዳንድ ጊዜ ከሩቅ ቦታና ከድሮ ዘመን የተጠራቀመ ውሃ እንደሚያወጣ አውቃለሁ። ከተራራ ሥር የሚፈልቅ ምንጭና ቅርብ ጉድጓድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው ከላዩ መሬት ነው የሚመገበው።

አንድ ታላቅ ወንድማችን ግሩፑ ውስጥ እንዲህ አሉኝ፦ "ሰው ውሃ ጠምቶት አንተ ቆርቆሮ ቅበሩ ትላለህ?" ልክ ናቸው። የጠማውን ሰው "ተራራው እስኪያገግም ጠብቅ" አይባልም። እኔም አይቆፈር አላልኩም። እያልኩ ያለሁት ከመዋጣችን በፊት አራት ጥያቄ እንጠይቅ ነው።

አንደኛ፣ ምንጩ ራሱ ተለክቷል ወይ? 20 ሊትር ጄሪካን በስንት ደቂቃ ይሞላል? በየወሩ መጀመሪያ አንድ ልጅ ደብተር ላይ ይጻፈው። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛ፣ ከምንጩ በላይ ያለው መሬት ምን ይጠጣል? ግጦሹ ላይ፣ ማሳው ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ እየዞሩ ይለኩት። የደኑና የግጦሹ ቁጥር ሲነጻጸር መሬቱ ምን እንዳጣ ያሳያል። የቀበሌው የግብርና ባለሙያና የአካባቢው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በአንድ ቅዳሜ ይጨርሱታል።

ሦስተኛ፣ ውሃው የቀረው መሬቱ ተዘግቶ ነው ወይስ ታች ሞልቶ ወደ ሌላ ስለሚሄድ? ይህ ሳይታወቅ እርከን አይዘርጋ።

አራተኛ፣ ከተሠራ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? ደለሉን ማን ያወጣል? ከብቱስ ሲከለከል የገበሬው መኖ ከየት ይመጣል? ይህን ያልመለሰ ፕሮጀክት ድሃውን ይቀጣል እንጂ ተራራውን አያድነውም።

በእኔ በኩል ሃሳቤን ለግሩፑ አቅርቤያለሁ፤ ከሚዋጣው ገንዘብ ላይ የተወሰነው ከጉድጓዱ በላይ ላለው መሬት ይያዝ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚላክልን ፎቶ የምረቃ ሳይሆን የደብተሩ ይሁን። የምንጩ ወር ወደ የካቲት ከተመለሰ ገንዘባችን ሠርቷል። ካልተመለሰም እንወቀው፤ ሌላ እንሞክራለን።

መንግሥትንም የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ከኪሎ ሜትሩ አጠገብ አንድ ዓምድ ጨምሩ፤ "ከእርከኑ በፊት በሰዓት ይህን ያህል ይጠጣ ነበር፣ አሁን ይህን ያህል" የሚል። ያን ጊዜ ደጋፊም ተቃዋሚም የሚከራከርበት እውነተኛ ቁጥር ያገኛል።

አንድ የመጨረሻ ነገር ደግሞ ለራሳችን። አዲስ አበባ ቤት የሠራን ወይም እየሠራን ያለን ብዙ ነን። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር በሲሚንቶና በሴራሚክ መዝጋት የንጽሕና ምልክት አድርገነዋል። ከተማው እኮ ውሃውን ከግድቦቹ ሌላ ከአቃቂና ከሌሎች ጉድጓዶች ነው የሚስበው። እያንዳንዳችን የዘጋነው ግቢ ከታች ላለው ሰፈር ጎርፍ፣ ለሁላችንም የጎደለ ውሃ ነው። ዲሲ ላይ ሲያስከፍሉን የምንጮኽበትን ነገር እዚያ በነፃ እየሠራነው ነው። ቢያንስ አንድ ጥግ አፈር ተዉለት፤ የጣሪያውን አሸንዳ ወደዚያ አዙሩት።

ቅዳሜ እንደገና አጎቴ ጋ ደውዬ ነበር። ቆርቆሮውን ሠርተው ከትምህርት ቤቱ ልጆች ጋር ግጦሹ ላይ ተክለውታል። "ውሃው እንደፈሰሰ ቁጭ አለ፤ እኛም አብረነው ቁጭ ብለን አየነው" አሉኝ። ቀጥሎ የማርያም ደን ውስጥ ሊሞክሩት ነው። ቁጥሩ ሲደርሰኝ እዚሁ አሳውቃችኋለሁ። እናንተም በየሀገራችሁ ልጆች ማኅበር ያዋጣችሁበት ጉድጓድ ዛሬ ምን ላይ እንዳለ ከታች ጻፉልኝ፤ የሠራውንም ያልሠራውንም። ቸር እንሰንብት።